የላስቲክ ሙቅ ውሃ መያዣ በባሕር ዳር ብርድ፦ ለወገብ ሕመም ምን ያህል ይረዳል?

በባሕር ዳር መድኃኒት ቤቶችና በገበያው ሱቆች ለወገብ ሕመም ተብለው ከሚሸጡ ዕቃዎች ሁሉ የወጣበትን ገንዘብ በእርግጥ የሚመልሰው፣ በእኔ ግምት፣ ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዘው ተራ የላስቲክ መያዣ ነው። ብዙዎቻችን ሆት ባግ እያልን የምንጠራው ይህ ዕቃ ሞተርም ገመድም የለውም፤ ሆኖም በእኛ ቤት ከኅዳር እስከ የካቲት መግቢያ፣ ከዚያም በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከእጅ አይለይም። ተጠቃሚዎቹ እኔና እናቴ ነን። እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምሠራ ሰው ስሆን፣ እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ እንጀራ ስትጋግር፣ ውሃ ስትሸከምና ሌሊት ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም የኖረች ናት፤ የሁለታችንም ወገብ ብርዱ ሲመጣ ይብስበታል። መያዣው የሚችለውና የማይችለው ነገር ተለይቶ ቢታወቅ ብዙ ሰው ከሥቃይም ከአላስፈላጊ ወጪም ይድናል ብዬ ስለማምን ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ተብላ ትታወቃለች፤ ከደብረ ታቦር ለሚመጣ እንግዳ እውነትም ሞቃት ናት። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የንጋቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፤ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቤቶቻችን የተሠሩት ለቀኑ ሙቀት እንጂ ለሌሊቱ ብርድ አይደለም። የቆርቆሮው ጣሪያ ጀምበር እንደጠለቀች ይቀዘቅዛል፣ የሲሚንቶው ወለል ቅዝቃዜውን ይዞ ያድራል፣ የቤት ማሞቂያ የሚባል ነገርም በአብዛኛው ቤት የለም። ለኪዳንና ለቅዳሴ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሡ እናቶችና አባቶች፣ በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጠው ከሥር እየረጠቡ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች፣ ሳይነጋ ባጃጅ አስነሥተው የሚወጡ ወጣቶች፣ ሁሉም በዚህ ወቅት «ወገቤን ብርድ ገባኝ» ይላሉ።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአውስትራሊያዋ ሲድኒ 993 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ የአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ እርጥበቱ፣ የአየር ግፊቱና ዝናቡ አዲስ የወገብ ሕመም ከመጀመሩ ጋር ግንኙነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። የሲድኒ የክረምት ሌሊት ከእኛ የታኅሣሥ ሌሊት ብዙም ስለማይለይ፣ ውጤቱ ለእኛም ቅርብ ነው ብዬ አስባለሁ። እንግዲህ ብርዱ ወደ አጥንት ዘልቆ አከርካሪን የሚጎዳ ነገር አይደለም። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ትከሻችንን አጥፈን እንድንኮራመት፣ ጡንቻችን እንዲወጠር፣ ከጋቢ ሥር ሳንነሣ እንድንቆይና እንቅስቃሴያችንን እንድንቀንስ ያደርገናል፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምም በዚህ ሁሉ ይጠነክራል። የላስቲኩ መያዣ የሚጠቅመው በዚሁ ቦታ ነው፤ የተወጠረውን አላልቶ፣ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ አስታግሶ፣ ሰውን ለመንቀሳቀስ ያበቃዋል።

ሲገዙ ዋናው ጥንቃቄ የላስቲኩ ዕድሜ ነው። ላስቲክ ባይሠራበትም ያረጃል፤ በሱቅ መስታወት ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ መያዣ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ የደረቀ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ መያዣዎች አንገት አካባቢ አበባ የሚመስል ክብ ምልክት ታትሟል። አሥራ ሁለቱ የአበባው ቅጠሎች ወራትን፣ መካከል ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የተመረተበትን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳያሉ። ሻጮች ይህን ምልክት እንደ ጌጥ ያዩታል፤ ገዢ ግን መጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ከተመረተ ሁለት ዓመት ገደማ ያለፈውን መያዣ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አልገዛም። አንዳንዶቹ ላይ ቢ ኤስ 1970 የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ይህ የብሪታንያ የደረጃ መለያ ቁጥር እንጂ የምርት ዘመን ስላልሆነ ማንም ሊደነግጥበት አይገባም።

ከዚያ በኋላ መያዣውን በሁለት እጅ አጠፍ፣ ዘርጋ እያደረጉ በመታጠፊያዎቹ ላይ ስንጥቅ መኖሩን ማየት፣ ክዳኑን ፈትቶ ውስጡ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት በቦታዋ መሆኗን ማረጋገጥ ይገባል። ከአንድ ሱቅ የገዛነው የመጀመሪያው መያዣ በዚህች ቀለበት ምክንያት ከአንገቱ ማንጠባጠብ ስለጀመረ ለመተው ተገደናል፤ ሙቅ ውሃ በተኛ ሰው ጀርባ ላይ ሲፈስ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አሁን ያለን መያዣ በአንድ ገጹ ለስላሳ፣ በሌላው ገጹ መስመር መስመር ያለው ነው። መስመር ያለው ገጽ ከቆዳ ጋር በሙሉ ስለማይገናኝ ሙቀቱን ለዘብ አድርጎ ይሰጣል፤ ስለዚህ ገና ሲሞላ በዚያ ገጽ፣ እየበረደ ሲሄድ በለስላሳው መጠቀም ጥሩ ነው። ልብስ ያለው መያዣ ካልተገኘ ከአሮጌ ጋቢ ቁራጭ መስፋት ይቻላል፤ እናቴ የሰፋችው ባለ ሁለት ድርብ ልብስ ከሱቅ ከሚመጣው ስስ ጨርቅ እጅግ ይበልጣል።

አሞላሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአግባቡ ያልተሞላ መያዣ ያቃጥላል ወይም ይፈሳል። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ ቢሆንም ቆዳን ለመላጥ ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ የፈላ ውሃ በቀጥታ ከምድጃ ወደ መያዣው መግባት የለበትም። ላስቲኩንም ቶሎ ያስረጀዋል። እኛ ማታ ያፈላነውን ውሃ በፔርሙዝ እናሳድራለን፤ ጠዋት ስንከፍተው ሙቀቱ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል፤ መብራት ቢጠፋም፣ ከሰል ለማቀጣጠል ጊዜ ባይኖርም፣ የጠዋቱ ሙቀት አይቀርም። መያዣው ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም። ከተሞላ በኋላ ውሃው እስከ አፉ ድረስ እስኪታይ በጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ማስተኛትና የቀረውን አየር ማስወጣት፣ ከዚያም ክዳኑን አጥብቆ ዘቅዝቆ መፈተሽ ያስፈልጋል። አየሩ ሲወጣ መያዣው ለጥ ብሎ ወገብ ላይ ይቀመጣል፤ አየር ያለበት መያዣ ግን ይንሸራተታል፣ ሲጫኑትም ክዳኑን ይገፋል። በልብሱ ተጠቅልሎ ከጋቢ ሥር ከተቀመጠ ከሁለት ሰዓት በላይ ሙቀቱን ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እመጣለሁ። ይህን ዕቃ ገዝተው «ምንም አልጠቀመኝም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ስጠይቃቸው ሁሉም ማለት ይቻላል መያዣውን ታቅፈው ተኝተውበታል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያለ ሙቀት በቂ ነው። በጎን ተኝቶ ወይም በጀርባ ተንጋሎ ከጉልበት በታች ትራስ አድርጎ መያዣውን በታችኛው ወገብ በኩል ማሳረፍ፣ ከዚያም ወገቡ ላላ ብሎ ሳለ መነሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ፣ ሙቀት በቅርቡ የጀመረን የወገብ ሕመም ለአጭር ጊዜ በመጠኑ እንደሚያስታግስ፣ እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ደግሞ ጥቅሙ እንደሚልቅ ገልጿል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቅርብ ጊዜ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው ነገሮች አንዱ ላይ ላዩን የሚሰጥ ሙቀት ነው። «ለአጭር ጊዜ» እና «በመጠኑ» የሚሉት ቃላት ሊዘነጉ አይገባም፤ ሙቀቱ የሚሰጠን የተወሰነ ፋታ ነው፣ ፋታው ደግሞ በሥራ ላይ ካልዋለ ያልፋል።

እናቴ በመጀመሪያው ሰሞን «ተይኝ ልጄ፣ ሙቀቱን ይዤ ትንሽ ልተኛበት» ትለኝ ነበር። አሁን ግን በራሷ ጊዜ መያዣውን ወደ ጎን አድርጋ፣ አልጋው ላይ እንደተንጋለለች አንድ አንድ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ትስባለች፣ ሁለቱን ጉልበቶች አጥፋ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቀስ ብላ ታወዛውዛለች፣ ከዚያ በጎን ተገልብጣ በክንዷ ተደግፋ ትነሣለች። ቀጥ ብሎ ከአልጋ ላይ ዘሎ መነሣት ለታመመ ወገብ ከሁሉ የከፋ ስለሆነ ይህችን የመነሣት ሥርዓት ለአረጋውያን ማስተማር በራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ቅዳሴ ባለበት ቀን መያዣውን ከመውጣቷ በፊት ተጠቅማ፣ ነጠላዋን በጋቢ ደርባ ትሄዳለች፤ ረጅሙን ቁመት በመቋሚያ ተደግፋ፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየለዋወጠች ትችለዋለች። እኔ ደግሞ ከሥራ በፊት በሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ እራመዳለሁ። በታኅሣሥ ማለዳ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ወገብን ሸፍኖ መውጣት የግድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ያሳምማሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰውነት ይፈታል። ይህን ልዩነት ማንኛውም ቅባት ሰጥቶኝ አያውቅም።

ቀኑን የሚያበላሹት ነገሮች ካልተስተካከሉ ግን የጠዋቱ ሙቀት እስከ እኩለ ቀን አይዘልቅም። ምጣዱ ወለል ላይ ካለ ከፍ ማድረግ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ከማንጠልጠል በሁለት ትንንሽ ጀሪካኖች ከፍሎ ከሰውነት አስጠግቶ መያዝ፣ ቡና ሲፈላ በሦስቱ ዙሮች መካከል ከዱካው ተነሥቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ዱካ ላይ ጉልበትን ወደ ደረት አስጠግቶ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ወገብን ምን ያህል እንደሚያደክም የቡና ሥርዓት የሚያስተናግዱ እህቶች ሁሉ ያውቁታል።

መያዣውን ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሳነጻጽረው፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ፍራሽ መሰል ማሞቂያ ምቾቱ የላቀ መሆኑን እመሰክራለሁ፤ ሙቀቱ አይለዋወጥም፣ የሚሞላ ውሃም የለም። ነገር ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ጥቅም የለውም፣ በራሱ የማይጠፋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደውን አዛውንት ሊያቃጥል ይችላል። ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ በየመድኃኒት ቤቱ ተሰቅሎ ይታያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ግን ቀበቶና መሰል ድጋፎች በመደበኛነት እንዲሰጡ አይመክርም። እኔም ገንዘቤን አላወጣበትም።

የሚያቃጥሉ ቅባቶች ለጊዜው ደስ የሚል ስሜት ይሰጣሉ። ቅባት ከተቀባ ወገብ ላይ ሙቅ መያዣ ማሳረፍ ግን ቆዳን ያቃጥላል፤ ሁለቱ በአንድነት ፈጽሞ መደረግ የለባቸውም። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ ብርዱ እስኪያልፍ በየቀኑ መዋጥ ወይም መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ ከልብ ያሳስበኛል። ስለ ከሰልም ዝም ማለት አልችልም። ወገብ ለማሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤተሰብን ሙሉ የሚገድል ነገር ነው፤ መያዣው ይህን ልማድ ከአንድ ቤት እንኳ ቢያስቀር ዋጋውን ብዙ ጊዜ መልሷል።

መያዣው የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ። የስኳር ሕመም ያለባቸውና እግራቸው ወይም ቆዳቸው የሚደነዝዝባቸው ሰዎች ሙቀቱ ሲበዛ ስለማይሰማቸው ሳያውቁት ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ ለእነርሱ ውሃው ለብ ያለ ብቻ እንዲሆንና ሌላ ሰው በእጁ እንዲፈትነው ያስፈልጋል። ገና የተመታና ያበጠ ቦታ፣ ቁስል ያለበት ቆዳ፣ ሕፃናት ላይም አይደረግም። ሙቀት በአንድ ቦታ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ሲያርፍ ቆዳው ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት ይወጣል፤ ለረጅም ዘመን ከምድጃ ፊት በሚቀመጡ እናቶች ቅልጥም ላይ የምናየው ዓይነት ነው። ይህ ምልክት ከታየ ሙቀቱን ማቆም ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን መያዣው ሊታከም የሚገባውን በሽታ እንዳይሸፍን ነው። ከ10 የወገብ ሕመምተኞች የ9ኙ ያህል ሕመም ይህ ነው የሚባል አደገኛ ምክንያት የማይገኝለት በመሆኑ፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ የሚያዋጡት ለእነዚህ ነው። በእኛ አካባቢ ወገቡን ያመመው ሰው ወይ «ብርድ ነው» ወይ «ኩላሊቴ ነው» ብሎ በራሱ ይወስናል፤ የኩላሊት ኢንፌክሽን በእርግጥ ወገብን ያሳምማል፣ ነገር ግን በአብዛኛው ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለትና ሽንት ሲሸኑ ከማቃጠል ጋር ይመጣል፤ ሕክምናውም መድኃኒት እንጂ ሙቅ ውሃ አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ያልጠፋ በሽታ ነው። ሳምንታት የቆየ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከሌሊት ላብ፣ ከክብደት መቀነስና ከትኩሳት ጋር የመጣ የወገብ ሕመም በፍጥነት መመርመር አለበት። ያልተፈላ ወተት በሚጠጣበት ቤት ደግሞ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታም ሊታሰብ ይገባል። ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንዛዜ ከመጣ፣ እግር እየደከመ ከሄደ፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ዕለት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ሰው ወጌሻ ዘንድ ወስዶ አከርካሪውን ማስጎተት ለዘለቄታው ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

መያዣውን ለመግዛት ለወሰነ ሰው የአጠባበቁን ነገር ልጨምር። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ውሃው መደፋት አለበት፤ በውስጡ ያደረ ውሃ ላስቲኩን ያበላሻል። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ክዳኑ ተፈትቶ፣ አፉ ወደ ታች ተደርጎ፣ ውስጡ ፈጽሞ እስኪደርቅ መሰቀል፣ ከዚያም ሌላ ዕቃ ሳይጫነው ከፀሐይና ከቅባት ርቆ መቀመጥ ይገባዋል። በኅዳር ሲወጣ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ፣ ዘቅዝቆ፣ በእጅ ጫን ብሎ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከታየች በማጣበቂያ ለመጠገን ሳይሞከር መጣል አለበት።